የእትዬ ዘሃራ ዳስ ምሰሶ
ከአዲስ አበባ ሀርጌሳ፣ የክንፍ ዘንግ ፍለጋ

ይህን የምጽፈው ለክፍል ጓደኞቼ ነው። ሀርጌሳ ምን ትመስላለች ብላችሁ ስትጠይቁኝ በአጭሩ መመለስ ስላቃተኝ፣ በጉዞው ላይ ደብተሬ ላይ የያዝኩትን ቀን በቀን አስተካክዬ ጻፍኩት። ብዙ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ያልገባኝን ነገር የገባኝ አስመስዬ አልጻፍኩም።

ከክፍላችን ውጪ የሚያነብ ካለ ነገሩን ከመነሻው ልናገር። የአውሮፕላን ጥገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ሃንጋር ጥግ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ክንፏ ከጣሪያዋ በላይ የተዘረጋ፣ ከመምህሮቻችን ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ ትንሽ አውሮፕላን አለች። እንዲህ ያለ ክንፍ ብቻውን አይቆምም፤ ከአውሮፕላኗ ሆድ ተነስቶ ክንፉን መሃል ላይ ደግፎ የሚይዝ የብረት ዘንግ አለው። በየጎኑ ሁለት ሁለት ናቸው፤ ወፍራሙ ከፊት፣ ቀጭኑ ከኋላ። የኛዋ የቀኝ የፊት ዘንግ ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ስለተጣለ፣ ክንፏ ሦስት ዓመት ሙሉ በእንጨት መቆሚያ ተደግፎ ኖሯል። መለዋወጫውን አሁን የሚሠራው የለም። መምህራችን ጋሽ ታደሰ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊት አውሮፕላኗን በሁለት ክንፏ ቆማ ማየት ይፈልጋሉ።

ይህን በነገሩን ቀን እጄን አወጣሁ። የእናቴ የአጎት ልጅ፣ እኔ አጎቴ የምላቸው ዩሱፍ፣ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሀርጌሳ ውስጥ የተጋጨ መኪና አካል ቀጥቅጠው የሚያስተካክሉበት የባትላሜራ ጋራዥ አላቸው። ከዓመታት በፊት የወደቀች ትንሽ አውሮፕላን ቁርጥራጭ ገዝተው ፎቶዋን ለእናቴ ልከው ነበር። ጋሽ ታደሰ ፎቶውን ከመጽሐፍ ጋር አስተያይተው አንድ ዓይነት ናት አሉ። አጎቴም ሲደወልላቸው ዘንጎቹ ዛሬም እንዳሉ፣ አንዱን አዘጋጅተው እንደሚጠብቁኝ ነገሩን። እኔ ለእረፍት እዚያው እንደምሄድ ሆኖ ተወሰነ። እንዴት እንደተወሰነ አሁንም በደንብ አላውቅም።

ጋሽ ታደሰ ሦስት ነገር አዘዙኝ። አንደኛ፣ ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል መለካት። ሁለተኛ፣ ታች ጫፉ ላይ ያለው ሹካ መሰል ማያያዣ እንደ ቡሎን በጥርስ የሚዞር ስለሆነ ከመንካቴ በፊት ወደ ውጭ የወጣውን ጥርስ መቁጠር። ሦስተኛ፣ መምታት። ለዚህ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ ሰጡኝ፤ ሲጫኑት ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ይለቅና ሹሉ ጫፍ ብረቱን አንድ ጊዜ ይመታል። ደህና ብረት ላይ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ከውስጥ የተበላ ብረት ግን ይጎደጉዳል። «የፊቱ የግራና የቀኙ አንድ ነው፤ በዚያ አትጨነቂ» አሉኝ። «ሳትመቺ ግን እንዳታመጪ።»

ሰኞ

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። መምቻውን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። አዋሽን እንዳለፍን መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲዘል ቦርሳዬ ውስጥ «ጧ» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደነገጡ። አውጥቼ ሳሳያቸው የሐኪም ዕቃ መሰላቸውና ጉልበታቸውን እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። ለአውሮፕላን ነው ብል አላመኑኝም፤ ይሁን እንጂ እስከ ሐረር ያለው መንገድ ሁሉ ብርቱካን እየላጡ ሰጡኝ።

ሐረር ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትጓዝ ማየት አልወደዱም። ከራሳቸው ክፍል አጠገብ አደረጉኝ። ውሃ ሄዶ ስለነበር በባልዲ አመጡልኝ። እኛም ኮልፌ ውሃ ሲሄድ እንዲሁ ነንና በዚህ ብቻ ግራ አልተጋባሁም።

ማክሰኞ

ከሐረር ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ቶጎ ጫሌ በሚኒባስ ሄድኩ። ድንበሩን በእግር ነው የምትሻገሩት። እኔ ድንበር ሲባል ትልቅ በር ጠብቄ ነበር። ያየሁት ጭቃ ሜዳ፣ የጋሪ ሰልፍና አንድ ገመድ ነው። ማህተም የሚመታበትን ቢሮ አልፌው ሄጄ ሁለት ጊዜ መለሱኝ። ሁለተኛ ጊዜ የመለሰኝ ፖሊስ እየሳቀ እስከ በሩ አደረሰኝ።

ከድንበሩ ማዶ፣ ሀርጌሳ በሚሄድ መኪና ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ሰጡኝ። በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍቼ ልገባ ስል መሪው እዚያ ነው። ሹፌሩ በእርጋታ «እኔ ብነዳው አይሻልም?» አለኝ በአማርኛ፤ ጅግጅጋ ነው የተማረው። እዚያ እንደኛ አገር በቀኝ ይነዳል፤ የመኪኖቹ መሪ ግን በቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ለመቅደም ሲፈልግ ከፊት ያለውን መንገድ አያይም። የሚያየው እኔ ነኝ። እስከ ገቢሌ ድረስ «አለ?» ሲለኝ «የለም» እያልኩ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ገቢሌ ላይ ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ከጎኑ ሙዝ አለ። ለመጨረሻ ብዬ ሳስቀምጠው ሹፌሩ ልጦ ሩዜ ላይ ቆራረጠልኝ። ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው። ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ብትሉኝ አሁንም መልስ የለኝም።

ሀርጌሳ ስንደርስ አጎቴ ዩሱፍ መናኸሪያው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው። ሻንጣዬን ነጠቁኝና «ሐያት፣ እናትሽን ቁርጥ! አቦ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው በባጃጅ ኮድቡር ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ግቢው ውስጥ ዳስ ሥር ተቀምጠው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነበር። የዳሱ ሸራ አንድ ወገኑ ከግድግዳው ጋር ታስሯል፤ ሌላው ወገን ሲሚንቶ በተሞላ ጎማ ላይ በቆመ አሮጌ ምሰሶ ተይዟል። ቦርሳዬን ምሰሶው ላይ በተጠመጠመው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ሻይ በወተት ጠጣሁ። ምሰሶውን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ረቡዕ

ቁርስ ላሆህ ቀረበ። እንጀራን ይመስላል፤ ትንሽ ነው፣ አንድ ወገኑ ዓይን አለው። ወጡን ስጠብቅ እትዬ ዘሃራ ስኳር ነሰነሱበት፣ ዘይት አደረጉበት፣ ሻይ አፈሰሱበት። እናቴ ብታይ ምን እንደምትል አሰብኩ። ሦስት በላሁ።

ከዚያ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ሄድን። አጎቴ በመንገድ ላይ የአውሮፕላኗን ነገር አጫወቱኝ። አሉሚኒየሙን ድስት ሠሪዎች ገዝተው አቅልጠውታል። «የዛሬው ሻይሽ ከክንፏ ላይ የተፈላ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። የቀሩት ሁለት የፊት ዘንጎች ብቻ ናቸው።

ጋራዡ ውስጥ በሁለት ወንበር ላይ በአንሶላ የተሸፈነ ነገር ነበር። ጎረቤት ሠራተኞች ተሰብስበዋል። አጎቴ አንሶላውን ገለጡት። ዘንጉ እንደ መስታወት ያበራል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ በመሃሉ ቀጭን ቀይ መስመር የወረደበት። ሦስት ቀን እንደሠሩበት፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደፈገፈጉት፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበትን ሁሉ በስቱኮ እንደሞሉት፣ ሁለት እጅ ቀለም እንደረጩት ነገሩኝ። ስቱኮ ማለት የተጋጨ መኪና ላይ የሚለጠፈው፣ ሲደርቅ የሚሞረደው ሊጥ ነው። «ከእኔ ጋራዥ ጠባሳ ይዞ የወጣ ዕቃ የለም» አሉ።

ለካሁ። ርዝመቱ ልክ ነው። ጥርሱን ልቆጥር ስል ቀለም ሞልቶታል። መምቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰዎቹ እያዩኝ ነው፣ አጎቴ እያዩኝ ነው። እንደ መስታወት በሚያበራ ነገር ላይ ሹል ብረት እንዴት አሳርፋለሁ? «በጣም ያምራል» አልኩ። ሁሉም «ማሻ አላህ» አለ። አጎቴ እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ለእናቴ ደወሉና ተረከበችው አሉ።

ማታ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። መታሽው ወይ ሲሉኝ ርዝመቱ ልክ ነው አልኩ። እኔ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው አሉ። ነገ እመታዋለሁ አልኩ።

ሐሙስ

አልመታሁትም። ጠዋት ጋራዥ ልሄድ ስነሳ አጎቴ ዘንጉን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንዳይቧጨር በገመድ አስረው ቤት አምጥተውታል። ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ኋላ ተኛ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጫፉ ይገለጥና ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ቁልፍ እየተከልኩ ዋልኩ። አብረውን ከተቀመጡት ጎረቤቶች አንዷ ምን እንደምማር ጠየቀችኝ። አውሮፕላን ስል ሴቶቹ ዝም አሉ። ነገሩ አልገባኝም። በኋላ እትዬ ዘሃራ እንዳስረዱኝ፣ መሃል ከተማ በድንጋይ ላይ የተሰቀለችው የጦር አውሮፕላን ከተማዋ ከአየር ለተደበደበችበት ጦርነት ማስታወሻ ነው የቆመችው፤ የጠየቀችኝ ሴት በልጅነቷ ከእንዲህ ያለችው ሸሽታ በእግሯ ተሰዳለች። የኛዋ ትንሽ ናት፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው ብዬ ልነግራት ፈለግኩ። ምን እንደሚጠቅማት ግን አላወቅኩም። ሴትየዋ ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝና «እንግዲያው በደንብ ጠግኚ» አለችኝ።

ያ ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አንድ ሰው በዚያ ዘንግ ላይ ተማምኖ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ በጣም ያምራል ብያለሁ።

ዓርብ

ዓርብ ጋራዥ ዝግ ነው። አጎቴ ለጁምዓ ሲወጡ ለእትዬ ዘሃራ ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እንደማለቅስም አላወቅኩም። እሳቸው መርፌያቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«እሱ መኪና ሲገዛ ምን ይዞ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ።

«ጠይቂው። ሌላ ምንም አትበዪ። መጠየቅ ነውር አይደለም።»

ምሳ በልተን ዳሱ ሥር እንደተቀመጥን ጠየቅኳቸው። መኪና ሲገዙ በስቱኮ የተሸፈነውን በምን ይለያሉ አልኩ። አጎቴ ደስ አላቸው። ይህ የሚወዱት ወሬ ነው። ሻጩ እንዴት እንደሚያታልል፣ በጣት ሲያንኳኩት ድምፁ እንዴት እንደሚታፈን አስረዱኝ። ከዚያ ከቁልፋቸው ጋር የታሰረች ትንሽ ማግኔት አወጡ። ደህና ቆርቆሮ ላይ ትለጠፋለች፤ ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። ላሳይሽ ብለው ተነሱና ግቢው ውስጥ ብረት ፈለጉ። ከዚያ ወደ ሳሎን ገብተው ዘንጉን ተሸክመው ወጡ።

ማግኔቷን መሃሉ ላይ አደረጓት፤ ተለጠፈች። ወደ ታች ወሰዷት፤ አሁንም ያዘች። ታችኛው ጫፍ አጠገብ ሲያደርሷት ወድቃ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች።

አንስተው ደግመው አስቀመጧት። ወደቀች።

ስቱኮውን የለጠፉት ራሳቸው ናቸው፤ ያልጠበቁት ነገር አልነበረም። እንደገመትኩት ግን በሻጩ ቦታ ራሳቸውን ያዩት ያን ጊዜ ነው።

«መምህርሽ ምን አድርጊ ብሎሽ ነበር?» አሉኝ።

መምቻውን ከኪሴ አወጣሁ።

«ከረቡዕ ጀምሮ ኪስሽ ውስጥ ነው?»

«አዎ፣ አጎቴ።»

«እኔን ፈርተሽ?»

«እርስዎን አይደለም። ደስታዎን።»

ተቀበሉኝና ራሳቸው ጎንበስ ብለው መቱት። ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ስቱኮው እንደ ብስኩት ረገፈ፣ ሹሉ ጫፍ ብረቱን በስቶ ገባ። ከቀዳዳው ቀይ የዝገት ዱቄት ወረደ። በውስጡ ለዓመታት ውሃ ተኝቶበት ኖሯል።

«ይህን ለመሸጥ ብሠራው ኖሮ ሌባ ነበርኩ» አሉ። «ለእንግዳ ብዬ ሠራሁትና ጨዋ ሆንኩ።»

እትዬ ዘሃራ ቀስ ብለው፣ «ሁለት ናቸው ብለህ አልነበር? ሌላውስ?» አሉ።

አጎቴ ቀና ብለው ምሰሶውን አዩ። እኔም አየሁት። ከማክሰኞ ጀምሮ ቦርሳዬን የሰቀልኩበት ነው።

ለካሁት። በአንድ ጣት ያህል ይረዝማል። የሌላ አውሮፕላን ነው ብዬ ደብተሬ ላይ «አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ ግን ራሳቸውን ያዙ። ሸራው በላላ ቁጥር ከላይ ያለውን ሹካ እያዞሩ ምሰሶውን ያስረዝሙት እንደነበር ትዝ አላቸው። ዘንጉ የቆመው ተዘቅዝቆ ነው። የሚዞረው ሹካ ከላይ ነው፣ የዘንጉ የላይኛው ጫፍ ደግሞ ከታች፣ ጎማው ውስጥ ካለ ብረት ጋር በቡሎን ታስሯል። ማንም አልበሳውም፣ ማንም አልበየደውም፤ እትዬ ዘሃራ ሸራውን በገመድ እንጂ በሚስማር አላስያዙም። ጥርሱን ቆጠርኩና ጻፍኩ። «አይሆንም» ያልኩትን ሰረዝኩት፣ በምትኩ ግን ምን እንደምጽፍ አላወቅኩም።

ከላይ እስከ ታች መታሁት። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። አንድም አልጎደጎደም።

«ዳሴን ልትወስዱት ነው እንዴ?» አሉ እትዬ ዘሃራ። ትንሽ ቆይተው ጨርቆቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ዳሱን ፈታን። አጎቴ ነጩን ዘንግ በአሮጌው ቦታ አቆሙት። የተበሳው ጫፍ ለሸራ ምንም አይለውም አሉ። ግን መጀመሪያ ቀዳዳውን ሊሞሉት ሲነሱ እትዬ ዘሃራ ተዉት አሉ። ይታይ አሉ። ሸራው ሲወጠር አጎቴ ወደ ኋላ ሄደው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት። በመላው ኮድቡር እንዲህ ያለ ምሰሶ ያለው ዳስ የለም። ከእኛ አውሮፕላን በፊት መለዋወጫ የተገጠመላት የእትዬ ዘሃራ ዳስ ናት።

አሮጌውን ማንም አላጠበውም። ገመዱ የነበረበት ላይ የአውሮፕላኗ የድሮ ቀለም ቢጫ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

እሑድና ሰኞ

ዘንጉ ከእኔ ቁመት በላይ ስለሆነ በመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ። ድንበር ላይ ፈታሹ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የአውሮፕላን ነው ብዬ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሰጠሁት። ደብዳቤውን አነበበ፣ ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ። «የቀረው አውሮፕላንስ ነገ ነው የሚመጣው?» አለኝ። የቀረው አዲስ አበባ ነው ብዬ በቁም ነገር መለስኩ። ባልደረባውን ጠርቶ እንደገና አስደገመኝ፤ ከዚያ አሳለፉኝ።

ሐረር ያቺው አልጋ ቤት አደርኩ። ባለቤቷ ዘንጉን ሲያዩ ይኸኛውም አልጋ ይከፈትለት እንደሆነ ጠየቁኝ። በራቸው ደጃፍ ኮሪደሩ ላይ አስተኙት፤ ጠዋት ለመውጣት ሁለታችንም እሱን መሻገር ነበረብን።

ማክሰኞ፣ ሃንጋሩ ውስጥ

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ከታች ጀምረው መቱት። በየጣት ርቀቱ፣ በሁለቱም ወገን። እኔ የመታሁበትን ነጥብ ሁሉ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ መጥፎ ነው የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘሁም አሉ። ደህና ነው አላሉም። ገና በመሣሪያ ይመረመራል፣ ወረቀቱም የባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ምናልባት ለበረራ ላይፈቀድ ይችላል። እንግዲያው ለምን ደከምኩ ብዬ ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን በዚያው ቀን ከሰዓት ለልክ ብቻ ብለው አስገቡት። ጥርሱን በቆጠርኩት ላይ አጎቴ ያስረዘሙትን ቀንሰን አዞርነው። ቡሎኑ በእጅ ገባ። ጋሽ ታደሰ የእንጨት መቆሚያውን ራሳቸው ከክንፉ ሥር ጎትተው አወጡትና ቦታው ላይ ቆሙ። ክንፉ አልተነቃነቀም። እሳቸውም ለትንሽ ጊዜ አልተነቃነቁም።

ማታ ሀርጌሳ ደወልኩ። እትዬ ዘሃራ ዳሱ ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ እየመጣ ቀዳዳውን በጣቱ ይነካል አሉኝ። ከዚያ ስልኩን ለአጎቴ ሰጡ። ስለ ምርመራው፣ ስለ ፈቃዱ፣ ላይበር እንደሚችል ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቀለም ትቀቡታላችሁ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምርመራውን ካለፈ፣ አዎ።»

«እሺ። ለመምህርሽ ንገሪው፤ ስቱኮ እንዳታስነኩት።»